ከፊት የአባቴ፣ ከኋላ የአጎቴ

አባቴና አጎቴ አንዲት መኪና ለሁለት ተካፍለው ነው የሚኖሩት። በተራ ይነዷታል ማለቴ ብቻ አይደለም። ከፊት ያለው የአባቴ ነው፤ ከኋላ ያለው የአጎቴ ነው። ይህን ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አገራችን ሰቆጣ ላይም የሚስቅ አይጠፋም፤ ግን ሁለቱ በሌሉበት ብቻ ነው።

መኪናዋ ከአያቴ የተረፈች የድሮ የጣሊያን መኪና ናት። የከተማው ሰው «ጣሊያኗ» ይላታል። ሞተሯና ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮዋ ከፊት ናቸው፤ የሚገፏት ጎማዎች ደግሞ ከኋላ። በመሃል፣ ከሆዷ ሥር፣ የፊቱን ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርስ ረጅም ዘንግ አለ። አያቴ ሲሞት ወንድማማቾቹ በመሬቱ አልተጣሉም፤ በመኪናዋ ተጣሉ። በየሳምንቱ ሲቀባበሏት አንዱ «በአንተ ሳምንት ነው የተበላሸችው» ይላል፤ ሌላው «አይደለም፣ አበላሽተህ ነው የሰጠኸኝ» ይላል። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ከርመው አንድ የገበያ ቀን ሰው ሁሉ እያየ ተናነቁ። ከዚያ ሽማግሌ ገባ።

ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት በሬ ነው። በእኛ አገር አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላል። የሚያርሱት በጋራ ቢሆንም እያንዳንዱ በሬውን ያውቃል፣ የራሱን ይቀልባል፣ የራሱን ያሳክማል። ሽማግሌዎቹ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና እንደ ጥማድ በሬ ቆጠሯት። ከሞተሩ እስከ ካምቢዮው አንድ በሬ። ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻልና የኋላ ጎማዎቹ ሌላ በሬ። መሃል ያለው ዘንግ ቀንበር ነው፣ የጋራ። ዕጣ ተጣለ፤ ፊቱ ለአባቴ፣ ኋላው ለአጎቴ ደረሰ። ሕጉም እዚያው ተነገረ። ግማሹ የተበላሸበት ሰው ራሱ ያሠራል። ክረምት ሳይገባ ማሠራት ካቃተው መኪናዋን ጠቅልሎ ለወንድሙ ይለቃል።

መሬቱ ጠባብ ስለሆነ አባቴ ከዚያች መኪና ሌላ መተዳደሪያ የለውም። አጎቴም የለውም። ስለዚህ ጣሊያኗ እንግዳ ድምፅ ማሰማት ስትጀምር ጥያቄው ድምፁ ከየት ነው የሚል ብቻ አልነበረም፤ ከሁለቱ ማን ባዶ እጁን ይቀራል የሚል ነበር።

አባቴ ድምፁ ከኋላ ነው አለ። አጎቴ ከፊት ነው አለ። ወደ መካኒክ ሄዱ። መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ መልሶ ዘጋው።

«እኔ ቤተሰብ አለኝ» አለ። «ፊት ነው ብል ታላቁ ይገድለኛል፤ ኋላ ነው ብል ታናሹ። ይቺን መኪና የሚነካት በነፍሱ የቆረጠ ሰው ነው።»

ሌሎቹም እንደ እሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። አባቴ ደወለልኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና የመጀመሪያው መንፈቅ ማለቁ ነበር።

«ኢንጂነር ልትሆኚ አይደል የሄድሽው?» አለኝ። «ነይና ድምፁን ለይተሽ ለሽማግሌዎቹ ተናገሪ።»

የተማርኩት ፊዚክስ፣ ሎጂክና ጂኦግራፊ መሆኑን፣ ስለ መኪና አንድም ትምህርት ገና እንዳልወሰድኩ ነገርኩት። ፊዚክስ ይበቃል አለ። የገረመኝ አጎቴም መስማማቱ ነው። «የሱ ልጅ በሱ ላይ ስትመሰክር ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። «ከዋሸች ደግሞ ትምህርቷ አይባረክላት።»

ከመሄዴ በፊት መካኒካል የሚማር አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጌ ጠየቅሁ። የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ጆሮሽን አትመኚ። መኪና ውስጥ ድምፅ ይዞራል። አንድ ነገር አስቁሚ፤ ድምፁ አብሮ ከቆመ እሱ ነው። ካልቆመ ሌላ ፈልጊ።» ይህን ይዤ ሰቆጣ ገባሁ። ሁለቱንም የሚያስታርቅ መልስ አገኛለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት የአባቴ ነበር። ማለዳ ወደ ጋዝጊብላ ገበያተኛ ሊወስድ ሲነሳ አብሬው ወጣሁ። ሦስት ሴቶች ከኋላ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር የገብስ ጆንያ፣ ከእነሱ በስተኋላ ባለው የዕቃ ማስቀመጫም ሌላ ጆንያዎች አሉ። የፊተኛው ወንበር ላይ የአባቴ ጋቢ ብቻ ታጥፎ ተቀምጧል። ጋቢውን አንስቼ ልቀመጥ ስል፦

«ከኋላ!» አለኝ።

«አባዬ፣ ፊት ባዶ ነው እኮ።»

«ፊቱ የእኔ ነው። ከኋላ ግቢ።»

ከሴቶቹ አንዷ ጉልበቷን ሰብስባ ቦታ ሰጠችኝ። «ግቢ ልጄ» አለች፤ «በዚች መኪና ሰው የሚቀመጠው በጠላት ወንበር ላይ ነው።» ሁለቱ ሳቁ። አባቴ በመስታወት ሲያያቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

መንገዱ እንደተጀመረ ያየሁት አባቴ ግማሹን እንዴት እንደሚንከባከብ ነው። ማርሽ ሲቀይር የፍሪሲዮኑን ፔዳል እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው ነክቶ ይተወዋል። ሞተሩን አያስጮኸውም። ጉድጓድ ሲመጣ የፊት ጎማውን አሽሽቶ ያሳልፈዋል፤ የኋላውን ግን ሙሉ ክብደቱን ይዞ እንዲገባበት ይተወዋል። ጀርባችን ከብረት ጋር ሲጋጭ ሴቶቹ የማርያምን ስም ይጠራሉ።

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንፈጥን ድምፁ መጣ። ከሥራችን የሚነሳ፣ ረጅም፣ እንደ ሩቅ ለቅሶ ያለ «ኡኡኡ»። ስንፈጥን ይበረታል፤ ስናዘግም ይቀንሳል።

«ሰማሽ?» አለ አባቴ።

«ሰምቻለሁ። ማርሹን አውጣው፣ አባዬ።»

ቀስ ያለ ቁልቁለት ላይ ነበርን። ማርሹን አውጥቶ መኪናዋን ለቀቃት። ሞተሩ ለብቻው በዝግታ ይተነፍሳል፤ «ኡኡኡ»ው ግን አልቆመም። ሞተሩን እንዲያጠፋው ጠየቅሁት። አጠፋው። ነፋሱና ያ ድምፅ ብቻ ቀሩ። ሞተሩም ካምቢዮውም የሌሉበት ድምፅ ነበር። ከኋላ ጎማ፣ በቀኝ በኩል፣ ጎማው ከሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው የሚመጣው። እጄን ወለሉ ላይ ሳደርግ መዳፌን ነዘረኝ።

አባቴ መሪውን በመዳፉ መታ። «አለቀለት! ኋላው ነው! አጎትሽ አለቀለት!»

ጋዝጊብላ ደርሰን ሴቶቹ ወረዱ፤ ጆንያዎቹም ወረዱ። ባዶዋን ስንመለስ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። እንደ ዝንብ ያለ ነገር ብቻ ቀርቷል።

«አባዬ፣ ጭነቱ ሲወርድ ጠፋ።»

«ጠፋ ማለት የለም ማለት አይደለም።»

«አይደለም። ግን ሁሉን ከኋላ ስለምትጭነው...»

በድንገት ፍሬን ያዘ። ዞሮ አየኝ። «ማነው ያስተማረሽ? እሱ ነው ያስተማረሽ?»

ማርሹን አስገብቶ እንደገና ነዳ።

በሚቀጥለው ሳምንት መኪናዋ ወደ አጎቴ ተሻገረች። ተሻገረች የምለው ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ ስለማይሰጣጡ ነው፤ አባቴ የአጎቴ አጥር ላይ ወርውሮት ይመጣል። አጎቴ ድሮ አባቴን፣ ታላቅ ወንድሙ ነውና፣ በአክብሮት «አያ» ይለው ነበር። አሁን «ሰውየው» ነው የሚለው።

አምደወርቅ ልንሄድ ስንነሳ የኋላው ወንበር ከዳር እስከ ዳር በገመድ ታስሮ አገኘሁት፤ ማንም እንዳይቀመጥ። ተሳፋሪዎቹ ከፊት ናቸው። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎልማሳ፣ ጎልማሳው ጭን ላይ ደግሞ በግ። እኔ አራተኛ ሰው ሆኜ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። በጉ ጆሮዬ ላይ ይተነፍስ ነበር።

«ኢንጂነሯ መጣች» አለ አጎቴ ለሰዎቹ። «የሰውየው ልጅ ናት። ተጠንቅቃችሁ ተናገሩ፤ ትመዘግባችኋለች።»

አጎቴ ሲነዳ ያየሁት ሌላ ጭካኔ ነው። ግራ እግሩ ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አይነሳም፤ ማረፊያው አድርጎታል። ቁልቁለት ሲመጣ የኋላውን ጎማና ፍሬን ላለማስጨነቅ በመጀመሪያ ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ እንደሚታረድ በሬ ያጓራል። ዳገት ላይ መንጋ መንገድ ሲዘጋብን ፍሬን አልያዘም፤ ፔዳሉን ግማሽ ረግጦ በሞተሩ ጉልበት አንጠልጥሎ አቆማት። የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ ገባ። በዚያ ሽታ መሃል ድምፁን ሰማሁት። «ኡኡኡ» አይደለም። ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማ «ሲጥጥጥ»።

«አጎቴ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ያንሱልኝ።»

መንጋው አልፎ ስለነበር ማርሹን አውጥቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ እግሩን አነሳ። ድምፁ ቆመ።

«አሁን ይርገጡት።»

ረገጠው። «ሲጥጥጥ።» መኪናዋ ቆማ ነበር፤ የኋላ ጎማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሠራ፣ ሲለቀቅ የሚያርፍ ነገር ነው፤ በአጎቴ ሳምንት ግን አርፎ አያውቅም።

«ፔዳሉ የማነው?» አለኝ አጎቴ።

«የአባቴ።»

«እንግዲያው ድምፁም የአባትሽ ነው። ጨረስሽ።»

አልጨረስኩም። ተሳፋሪዎቹ ለጥቂት መንገድ ከኋላ ቢቀመጡልኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ በአባቴ ሳምንት የሰማሁትን በጭነት ልፈትነው ፈልጌ ነበር።

«በእኔ ላይ? በእኔ ላይ ሰው ልታስቀምጪ?» ጮኸ።

ጎልማሳው በጉን አቅፎ እንዳለ «በጉን ብቻ ላሳልፈውስ?» አለ። «እሱ ቀላል ነው።»

«በጉም አይገባም!»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «ወይ አምላኬ» አለ፤ «አባታችሁ ይቺን መኪና ሲገዛ ሰው ሊጭንባት ነበር።» አጎቴ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣጛ፣ አንድ ነገር መለሰለት። እዚህ የማልጽፈው ነገር ነው። ሽማግሌው አምደወርቅ እስክንገባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ያኔ አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። መሃል ያለው ዘንግ። ዘንጉን ከሁለቱ ጫፎች ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ላልቶ ሁለቱንም እየነቀነቀ የጎዳቸው እሱ ከሆነ ጥፋቱ የማንም አይሆንም፤ ቀንበሩ የጋራ ነውና ሁለቱም አብረው ያሠሩታል፣ አብረው ለመቀመጥም ይገደዳሉ። ከአምደወርቅ ስንመለስ መኪናዋን በክሪክ ከፍ አድርጌ ከሥር ገባሁ። ዘንጉን በሁለት እጄ ይዤ ጠመዘዝኩት፣ ገፋሁት፣ ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ከመኪናዋ ሁሉ ንጹህ እሱ ነበር። አንዱ «አልቀባኸውም» እንዳይለው እየፈራ ሁለቱም በየሳምንታቸው ግራሶ ሲቀቡት ኖረዋል። መሃሉ ደህና ነበር። የታመሙት ሁለቱ ጫፎች ናቸው።

ከመሬት ስነሳ ልብሴ በቅባት ተበላሽቷል፤ ነገሩ ግን ተገልጦልኛል። አባቴ የአጎቴን ግማሽ በጭነት ሰብሮታል። አጎቴ የአባቴን ግማሽ በእግሩ ጨርሶታል። እያንዳንዱ የሚሰማው በራሱ ሳምንት፣ ራሱ ያመጣውን ድምፅ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሲከሱ አልዋሹም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሩት ቀን ጠዋት አባቴ ጫማውን እያሰረ ሳያየኝ ተናገረ። «የማን ልጅ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ያቺን መኪና አጎትሽ ከነጠቀኝ ለአንቺ ሁለተኛ ዓመት የሚባል ትምህርት የለም። ይህንንም እወቂ።»

በሩ ላይ የአጎቴ ሚስት ጠበቀችኝ። ሰላም አላለችኝም። «አጎትሽ ንገሪያት ያለኝ ይህ ነው» አለች። «እስከ ዛሬ አንቺን ያስተማረሽ የእሱ ጎማ ነው። አባትሽ የሚነዳው በማን ጎማ ይመስልሻል?» መለስ ብላም «የእኔም ልጆች ይበላሉ» አለችና ሄደች።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከመሃላቸው ዋና ዳኛ በሆኑት ሽማግሌ ደጅ፣ የወይራ ጥላ ሥር ነው። መኪናዋ ከፊታቸው ቆማለች። አባቴና አጎቴ ከመኪናዋ ወዲያና ወዲህ ቆሙ። ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ ብዬ ማልኩ። ከዚያ ከመናገር ማሳየት ይሻላል ብዬ መኪናዋን አስነሳሁና አጎቴን ፔዳሉን እንዲረግጥ ጠየቅሁት። «ሲጥጥጥ» አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ዘረጉ።

«ይህ ከፊት ነው» አልኩ። «የአባቴ ግማሽ ታሟል።»

አጎቴ ሳቀ። አባቴ አየኝ።

ቀጥዬ ሞተሩን አጥፍቼ የኋላውን ቀኝ ጎማ በክሪክ ከፍ አድርጌ በእጄ አዞርኩት፤ አንዱ ሽማግሌ እጁን አክስሉ ላይ እንዲያደርግ ለመንኩት። ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች ስወዘውዘው ይላወሳል፤ ሳሽከረክረው ደግሞ ይንገጫገጫል።

«ጠጠር ያለበት ወፍጮ ይመስላል» አለ ሽማግሌው እጁን እያነሳ።

«ይህ ከኋላ ነው። የአጎቴ ግማሽም ታሟል።»

የአጎቴ ሳቅ ቆመ። ዋናው ዳኛ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሁለቱም በሬ ታሟል ትይናለሽ?»

«አዎ፣ አባባ። ግን በራሳቸው አልታመሙም። አባቴ ሰውና ጆንያ ሁሉ ከኋላ ስለሚጭን ኋላው ተሰበረ። አጎቴ እግሩን ከፔዳሉ ስለማያነሳ ፊቱ አለቀ። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሲያስታምሙ የሌላውን ገደሉ።»

ከዚያ ሁለቱ እኩል ጮኹ። አጎቴ «ውሸት ነው!» አለ። አባቴ «ምን ታውቃለች፣ ገና ምን ተማረች!» አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ እኔ መኪና አላውቅም።

ዳኛው እጃቸውን አነሱ። «ዝም በሉ። በመቀናጆ የጓደኛውን በሬ ያለ ልክ ጠምዶ ትከሻውን ያቆሰለ ሰው ምን ይደረጋል?»

አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ መለሱ። «የቆሰለውን ይወስዳል፤ የራሱን ይሰጣል።»

«በቃ» አሉ ዳኛው ወደ አባቴ ዞረው። «አንተ ኋላውን ሰብረሃል፤ ኋላው ያንተ ነው። አንተ ደግሞ ፊቱን ጨርሰሃል፤ ፊቱ ያንተ ነው። ሁለታችሁም የሰበራችሁትን አሠሩ። ክረምት ሳይገባ ያላሠራ ይለቃል።»

አባቴ በእግሩ ወደ ቤት ሄደ። እኔ ከኋላው ሄድኩ። አልጠበቀኝም።

ዕረፍቴ ሳያልቅ ሁለቱም አሠሩ። አባቴ ያሉትን ጥቂት በጎች ወደ ገበያ ነዳ፤ ያለ በግ ተመለሰ። አጎቴ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ከደሴ አስመጣ። ያ እጁን የሰበሰበው መካኒክ አሁን ለእያንዳንዳቸው በተለያየ ቀን ሠራላቸው፤ የማን ምን እንደሆነ ተፈርዷልና ፍርሃቱ ለቆታል። መኪናዋ ከአንዳቸውም እጅ አልወጣችም። እናቴ ማታ ለአባቴ እራት ስታቀርብ «ልጅህ እኮ ሁለታችሁንም አተረፈቻችሁ» አለችው። ሳህኑን ገፋ አደረገው።

ወደ ትምህርቴ የምመለስበት ቀን የአባቴ ሳምንት ላይ ዋለ። መናኸሪያ ላድርስሽ ማለቱ ራሱ ደስ አሰኘኝ። ሻንጣዬን ይዤ እንደለመድኩት የኋላውን በር ስከፍት ወንበሩ ላይ ገመድ አየሁ። የአጎቴ ገመድ ነበር፤ አሁን በአባቴ እጅ፣ በአባቴ ቋጠሮ ታስሯል።

«ከፊት!» አለኝ።

ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ከፊት ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ አንድም ድምፅ አልነበረም። «ኡኡኡ»ውም፣ «ሲጥጥጥ»ውም ጠፍቷል። ጣሊያኗ በልጅነቴ እንኳ እንዲህ ጸጥ ብላ ስትሄድ አላስታውስም። አባቴን ላመሰግነው አፌን ስከፍት መናኸሪያው ዳገት ላይ ደረስን። የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ነበር። አባቴ ፍሬን አልያዘም። ፔዳሉን ግማሽ ረገጠና መኪናዋን በሞተሩ ጉልበት አንጠልጥሎ አቆማት። ሞተሩ አጓራ። እንቁላል እንደሚረግጥ የሚረግጠው ያ እግር ተጭኖ ተቀመጠ።

ያ የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ገባ።

«አባዬ፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል።»

ወደ እኔ አልዞረም። «የማነው?» አለ።

የጭነት መኪናው እስኪያልፍ እግሩን አላነሳም። ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። ገና ድምፅ አልነበረውም።